ለላንድክሩዘር 80 የገዛሁት 4.88 ኮሮናና ፒኞን፦ ጥርሱ፣ ኪቱና ሻጩ

ትልልቅ ጎማ ያሰረ ሰው ብዙ ሳይቆይ መኪናው ይከብድበታል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ካምቢዮውን የነካው የለም። ዳገት ላይ ግን መኪናው ይለግማል፣ ማርሽ ይቀያይራል፣ ይሞቃል። ችግሩ ያለው ከታች፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። እኔም ይህን ለማስተካከል ለፊትም ለኋላም 4.88 ኮሮናና ፒኞን፣ ማለትም የዲፈረንሻሉን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ፣ ገዛሁ። የገጠምኩት ላንድክሩዘር 80 ላይ ነው። ሞተሩ 1ኤፍዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 4.5 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። ጥርሱ በጣም ጥሩ ነው፤ ደግሜ እገዛዋለሁ። አብሮት የመጣው የመገጣጠሚያ ኪት ግን ለጥርሱ አይመጥንም። ሻጩ ደግሞ ከግማሽ በላይ ጥሩ፣ በአንድ ነገር በጣም መጥፎ ነበር። የሻጩን ስም አልጠራም። የአምራቹንም ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ላይ ከታተመው ስም ይልቅ ጥርሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንድታዩ ነው የምፈልገው። በዚህ ዕቃ ላይ የምንከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ ለልኬቱም ነው። ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ ተፈትገው፣ ተለክተው፣ ልካቸው ተጽፎባቸው ሲመጡ ነው ዋጋ የሚኖራቸው። ይህ የሌለው ጥርስ ብረቱ የፈለገ ቢያምር እኔ አልነካውም።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፒኞን ትንሹ ጥርስ ነው፤ ከፕሮፔለር ሻፍቱ የመጣውን ዙር ይቀበላል። ኮሮና ትልቁ ቀለበት ነው፤ ያንን ዙር አጥፎ ወደ ጎማዎቹ ይወስደዋል። የኮሮናውን ጥርስ ቁጥር ለፒኞኑ ጥርስ ቁጥር ስታካፍሉት ሬሾው ይወጣል። የመኪናዬ የፋብሪካ ጥርስ 41 ለ10 ነበር፤ ማለትም 4.10። አዲሱ 39 ለ8 ነው። ሲካፈል 4.875 ይሆናል፤ ገበያው 4.88 ይለዋል። እንግዲህ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱ አምስት ጊዜ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጉልበቱ ይጨምራል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ብዙ ይዞራል።

ሬሾ መምረጥ የስሜት ጉዳይ መሆን የለበትም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የፋብሪካው ጎማ 275/70 አር 16 ነው፤ ቁመቱ ወደ 791 ሚሊሜትር። እኔ ያሰርኩት 315/75 አር 16 ነው፤ ወደ 879 ሚሊሜትር። አዲሱ በ11 በመቶ ይበልጣል። 4.10ን በ1.11 ስታባዙት 4.55 ይመጣል። መኪናውን ወደ ፋብሪካ ጠባዩ የሚመልሰው ሬሾ 4.56 ነው ማለት ነው። ጎማ ብቻ ለውጣችሁ ሌላ ክብደት ካልጫናችሁ 4.56 ይበቃችኋል፤ አትለፉት።

እኔ 4.88 የወሰድኩት በክብደት ምክንያት ነው። መኪናው የብረት መከላከያ አለው፣ ዊንች አለው፣ ፖርቶ መጋላ አለው፣ ሁለተኛ የነዳጅ ታንከር አለው። ባዶውን የሚሄድበት ጊዜ የለም። ከጎማው በላይ ይህን ሁሉ የሚጎትት ጉልበት ያስፈልገው ነበር። በዙር ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሆነበት ማርሽ፣ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትሄዱ፣ በፋብሪካው ጎማና ጥርስ ሞተሩ ወደ 2,750 ዙር ላይ ይሆናል። ትልቁን ጎማ በ4.10 ካሰራችሁ ወደ 2,475 ይወርዳል፤ መኪናው የሚለግመው እዚህ ጋ ነው። በ4.56 ተመልሶ 2,750 ይመጣል። በ4.88 ወደ 2,950 ይጠጋል። ኦቨርድራይቭ (የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው የመጨረሻው ማርሽ) ሲገባ ሁሉም ዝቅ ይላሉ። ረጅም አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ያቺ 200 ዙር ትሰማዋለች። ለእኔ ችግር አልሆነችም።

5.29 ውሰድ ያሉኝም ነበሩ። አልተስማማሁም። 5.29 ማለት 37 ለ7 ነው። የፒኞኑ ጥርስ ቁጥር ባነሰ መጠን ፒኞኑ ራሱ ይቀጥናል፤ በአንድ ጊዜ የሚነካካው ጥርስም ያንሳል። ፊት ያለው ዲፈረንሻል ድሮም ትንሽ ነው። ከዚያ ላይ መቀነስ ለዚህ መኪና አይመከርም።

ከማዘዛችሁ በፊት መኪናችሁ ውስጥ ያለው ጥርስ የትኛው እንደሆነ በእጃችሁ አረጋግጡ። ቶዮታ የአክስሉን ኮድ የሚጽፍበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ነገር ግን ከእናንተ በፊት የነበረ ባለቤት ጥርሱን ቀይሮት ከሆነ ሰሌዳው የሚነግራችሁ የድሮውን ነው። የሚታመነው ቆጠራ ነው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንሱና መኪናውን በደንብ በማቆሚያ ደግፉት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የፊት ጎማዎቹን አስደግፉ፣ ካምቢዮውን ነጻ አድርጉ። ሁለቱን ጎማዎች እኩል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ስንት እንደዞረ ቁጠሩ። አንድ ጎማ ብቻ ካነሳችሁና ዲፈረንሻሉ ያልተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ያንን ጎማ ሁለት ዙር አዙሩት፤ ውጤቱ ያው ነው። ከአራት ትንሽ ካለፈ 4.10 ነው፣ አራት ተኩል ከሆነ 4.56 ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ በዚህ መኪና የፊቱና የኋላው ጥርስ አንድ ዕቃ አይደሉም። የኋላው ኮሮና ስፋቱ 9.5 ኢንች ነው። የፊቱ 8 ኢንች ነው። የፊቱ ደግሞ ፒኞኑ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከአክስሉ መሃል መስመር በላይ ይገባል። ጥርሱ የተጠማዘዘበት አቅጣጫም ከተለመደው ተቃራኒ ነው። ቶዮታ ሌሎች ብዙ መኪኖች ላይ የሚያስገባው ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻል ግን ፒኞኑ ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱም «ቶዮታ 8 ኢንች» ይባላሉ። አንዱ ለሌላው ቤት አይገባም።

ከሻጩ ጋር የተጋጨነው በዚሁ ነው። ትዕዛዙ ላይ የመኪናውን ሞዴል፣ «ከፍ ያለ ፒኞን» የሚለውንና የድሮውን ጥርስ ፎቶ አስቀምጬ ነበር። የኋላው በትክክል መጣ። የፊቱ ሳጥን ሲከፈት ግን ውስጡ ዝቅ ያለ ፒኞን ነበር። የድሮውን ከጎኑ ስታስቀምጡት ወዲያው ይለያል፤ የጥርሱ ጥምዝ ወደ ሌላ ጎን ያጋድላል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ሁለቱም እንደሚገጥሙ በሙሉ ልብ ነገረኝ። አይገጥሙም። ፎቶ ጎን ለጎን ላክሁ፣ የክፍል ቁጥሩን ላክሁ። በመጨረሻ ከመሸጫው በቴክኒክ በኩል ያለ ሌላ ሰው ደወለ፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ ትክክለኛውን ላከ። የመመለሻውን የማጓጓዣ ወጪ ግን እኔ ላይ ጣሉት። ስህተቱ የእነሱ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረጋቸው እስካሁን ያናድደኛል። አንድ ሰው መኪናውን ፈትቶ፣ መካኒክ ቀጥሮ፣ ሳጥን ሲከፍት የተሳሳተ ጥርስ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሳጥኑን መኪናው ከመፈታቱ በፊት ክፈቱ።

የዚያ ከፍ ያለ ፒኞን ጥቅም ብዙ ሰው አያውቀውም። የእነዚህ ጥርሶች ሁለት ጎን እኩል ጉልበት የለውም። አንዱ ጎን ለመንዳት የተሠራ ነው፣ ሌላው ጋዝ ስትለቁ የሚሠራው ነው። የተለመደው ጥርስ የፊት አክስል ላይ ሲገባ ወደፊት ስትሄዱ የሚሠራው በደካማው ጎኑ ነው። በተቃራኒ የተቆረጠው ከፍ ያለ ፒኞን ግን ወደፊት ስትሄዱ በጠንካራው ጎን ይገፋል። ፒኞኑ ከፍ ማለቱ ደግሞ ፕሮፔለር ሻፍቱን ከድንጋይ ያርቀዋል። ኋላ ማርሽ ስታስገቡ ግን ይገለበጣል፤ የፊቱ ጥርስ በደካማው ጎኑ ይሠራል። የዚህ መኪና የፊት ኮሮና የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ መኪናው ተቀርቅሮ፣ በኋላ ማርሽ፣ ጋዝ ተረግጦ፣ ጎማው ሲንሸራተትና በድንገት መሬት ሲይዝ። አዲስ ጥርስ ስለገባ ይህ አይቀየርም። በዊንች መውጣት እየተቻለ በኋላ ማርሽ አትታገሉ።

አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ። ኮሮናውና ፒኞኑ ላይ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ተቀርጿል። ይህ ማለት ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፈትገዋል፣ አንድ ጥንድ ናቸው። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ፣ ወይም አንዱ ላይ ብቻ ካለ፣ ሳጥኑን ዘግታችሁ መልሱ። ኮሮና ብቻውን ወይም ፒኞን ብቻውን የሚሸጥላችሁ ሰው ካለም አመስግናችሁ እለፉ። ሁለቱ ጥንዶች ላይ በጥርሶቹ መካከል የተፈለገው ክፍተት ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አብሮ ነበር፤ ለፊቱም ለኋላውም ለየብቻ። በዚህ በጣም ነው የተደሰትኩት።

የጥርሶቹ ጠርዝ በደንብ ተሞርዷል፤ ጣት የሚቆርጥ የብረት ፍንጣቂ የለም። ገጹ ላይ ጥቁር ግራጫ ሽፋን አለው፤ መጀመሪያ ላይ ጥርሱ ሲላመድ ዘይት ይይዝለታል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ቡሎኖቹ በእጅ እስከ መጨረሻው ገቡ። ኮሮናው ቤቱ ላይ ተጭኖ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) ሲዞር መወላገዱ ከሚፈቀደው በታች ሆኖ ተገኘ። እነዚህን ሁሉ አይቶ ነው ጥሩ ጥርስ የሚባለው።

ኪቱ ሌላ ታሪክ ነው። በአንድ ሳጥን የፒኞን ኩሽኔታ፣ የጎን ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ)፣ አዲስ የፒኞን ዳዶ፣ የኮሮና ቡሎን፣ ሺሞች (ልክ ለማስተካከል የሚገቡ ስስ የብረት ቀለበቶች)፣ የሚጨፈለቀው ቀለበትና ጥርስ ላይ የሚቀባው ቢጫ ቅባት መጡ። ቡሎኖቹ ጥሩ ናቸው፤ የድሮውን ቡሎን መልሶ ከማሰር ያድናሉ። ፓራኦሊዮው ምንም አይወጣለትም። ኩሽኔታዎቹ ግን ግማሾቹ ስም የላቸውም። የአምራች ስምም፣ የክፍል ቁጥርም የለም። ቢጫው ቅባት ደርቆ ደንጊያ ሆኗል። ሺሞቹም ጥቂት ውፍረት ብቻ ነበራቸው፤ በመሃል ያለው ልክ ጎደለ።

ጥርሱን የገጠሙልኝ ሰው በዚህ ሥራ ያረጁ ናቸው። ስም የሌለውን ኩሽኔታ አገላብጠው አዩትና ወደ ሳጥኑ መለሱት። «ጥርሱን የሚሸከመው ይሄ ነው። ይሄን የሠራው ማን እንደሆነ ካላወቅኩ አልገጥምም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ኩሽኔታው ትንሽ ሲላላ ፒኞኑ ከቦታው ይሸሻል፤ ያን ጊዜ የጥርሱ ልኬት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በኮዮ ኩሽኔታ ቀየርናቸው። ኮዮ ለቶዮታ ፋብሪካ ከሚያቀርቡት አንዱ ስለሆነ አላመነታሁም። ቲምከን ወይም ኤንኤስኬ ብታገኙም ደስ ብሏችሁ ውሰዱ። ስለዚህ ለኪቱ የከፈልኩት ገንዘብ ግማሹ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አገጣጠሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ዕቃ ያለ አገጣጠሙ ሊገመገም አይችልም። እንደ እድል ሆኖ የዚህ መኪና ዲፈረንሻል ፊትም ኋላም ከአክስሉ ቤት እንዳለ ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ መኪናው ሥር ተኝቶ ከመታገል ይልቅ ጠረጴዛ ላይ በብርሃን ይሠራል። ሰውዬው የድሮውን ከመፍታታቸው በፊት ክፍተቱን ለኩ፣ የድሮውን ጥርስ በቢጫ ቅባት ቀብተው አሻራውን አዩ፣ ፎቶ አነሱት። የድሮው ሺም ውፍረት ተለክቶ ተጻፈ። መነሻው እሱ ነው። መካኒካችሁ ይህን ሳያደርግ መፍቻ ካነሳ ጠይቁት።

ኮሮናው ቤቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ነው የሚገባው። በመዶሻ አልመቱትም። የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሲሞቅና ሲሰፋ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ቁጭ አደረጉት። ቡሎኖቹ የማይፈታ ሙጫ ተቀብተው በቶርክ መፍቻ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተዘለሉ፣ በየተራ ጠበቁ።

ከዚያ አራት ነገር አለ፤ የፒኞኑ ጥልቀት፣ የፒኞን ኩሽኔታው ጥብቀት፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት፣ የጎን ኩሽኔታው ጥብቀት። ጥልቀቱ የሚስተካከለው በሺም ነው። ክፍተቱና የጎኑ ጥብቀት በዚህ መኪና በሁለቱ ጎን ባሉ ባለ ጥርስ ዳዶዎች ይስተካከላል፤ አንዱን ስታላሉ ሌላውን ታጠብቃላችሁ። ለእነዚህ ዲፈረንሻሎች የሚፈለገው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ የፊቱ ጠበብ፣ የኋላው ሰፋ ይላል። ይህ በዓይን የማይታይ ልዩነት ነው። በጣት ነቅንቆ «ጥሩ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ጥርሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የመጨረሻው ዳኛ አሻራው ነው። ጥርሱ በቢጫ ቅባት ይቀባል፣ ትንሽ ተይዞ ይዞራል፣ ቅባቱ የተጠረገበት ቦታ ይታያል። አሻራው ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ከልክ በላይ ገብቷል። ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ደግሞ ርቋል። መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፤ በመንጃው ጎንም በመልቀቂያው ጎንም። የፊቱ በትንሽ ማስተካከያ መጣ። የኋላው አስቸገረ። ፒኞኑ ደጋግሞ ወጥቶ ገባ። የጎደለው ሺም ያስፈለገው እዚህ ነበር፤ ሰውዬው ከራሳቸው ሳጥን ባያወጡ ኖሮ ሥራው ይቆም ነበር። ጥሩ ሻጭ በዚህ ኪት ውስጥ ብዙ ሺም ያስገባል። ርካሽ ዕቃ ነው። ለምን እንደሚሰስቱበት አይገባኝም።

ስለሚጨፈለቀው ቀለበትም ልናገር። የፒኞኑ ዳዶ ሲጠብቅ ይህ ቀለበት ይጨፈለቃል፤ በዚያው የኩሽኔታው ጥብቀት ይስተካከላል። አንዴ ከልክ በላይ ከተጨፈለቀ ግን አይመለስም፤ ዳዶውን ማላላት መፍትሔ አይደለም፣ አዲስ ቀለበት ነው የሚያስፈልገው። ኪቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዲፈረንሻል አንድ ብቻ ነው ያለው። ለኋላው ቀለበቱን ትተን የማይጨፈለቅ፣ በሺም የሚስተካከል ድፍን ቀለበት አስገባን። ሥራው ይረዝማል፤ ድንጋይ ላይ ለሚንገጫገጭ መኪና ግን በኋላ አይላላም። መኪናችሁን ከአስፋልት ውጭ የምትነዱ ከሆነ ይህን ከጥርሱ ጋር አብራችሁ እዘዙ።

የፊቱና የኋላው በአንድ ጊዜ መቀየር አለባቸው። ይህ መኪና ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚነዳው። አንዱ 4.10 ሌላው 4.88 ሆኖ ከተነዳ መሃል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ መሃሉን ከቆለፋችሁት ደግሞ አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም። «ለጊዜው የኋላውን ብቻ እንቀይር» የሚል ሐሳብ ከመጣላችሁ ጣሉት።

ጥርሱ ከገባ በኋላ ያለው ማላመድ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። እነዚህ ጥርሶች እየተንሸራተቱ ነው የሚነካኩት፣ አዲስ ሲሆኑ በጣም ይሞቃሉ። በመጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ማቆም፣ ይህንን ደጋግሞ ማድረግ። ጋዝ አለመርገጥ፣ ፍጥነትን እየቀያየሩ መንዳት፣ ተጎታች አለመጎተት። ከ800 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ ዘይቱን መቀየር። ዘይቱ ጂኤል-5 የሚባለው የዲፈረንሻል ዘይት ደረጃ መሆን አለበት፤ እኔ ለማላመዱ ተራውን 80ደብሊው-90 ተጠቀምኩ። ሲቀየር ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት ነበር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ብረት ካያችሁ ግን መንዳት አቁሙ። በእኔው ቁራጭ አልነበረም።

መንገድ ላይ ያለው ለውጥ ግልጽ ነው። ከቆመበት ሲነሳ ያ የድሮ ክብደት የለም። ዳገት ላይ ካምቢዮው ኦቨርድራይቭ እያስገባ እያወጣ ያሰቃየኝ ነበር፤ አሁን አንዱን ማርሽ ይዞ ይወጣል። የካምቢዮው ዘይት ሙቀት መለኪያ አለኝ፤ ረጅም አቀበት ላይ ድሮ ከሚወጣበት ዝቅ ብሎ ነው የሚቆየው። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ቁልቁለቱን ነው። ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ሬሾው ከበፊቱ በ19 በመቶ ይበልጣል። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ መኪናው በሞተሩ ተይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ፍሬን ላይ የሚያርፈው እግር በጣም ቀንሷል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ቁልቁለት ላይ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳኛል።

የፍጥነት መለኪያው ግን ተሳስቷል። ጥርሱ ወደ አንድ ጎን፣ ጎማው ወደ ሌላው ጎን ጎትተውት በመጨረሻ ከእውነተኛው ፍጥነት በ7 በመቶ ገደማ አብልጦ ያነባል። በትክክል 100 ስሄድ 107 ይላል። ኪሎሜትሩም በዚያው ልክ አብልጦ ይቆጥራል፤ ዘይት የምትቀይሩበትን ስትቆጥሩ አስቡት።

ድምፅ፦ የፊቱ ዝም ያለ ነው። የኋላው ጋዝ ስለቅ፣ በ80 እና በ90 መካከል፣ ቀጭን ፉጨት አለው። ጋዝ ስረግጥ ይጠፋል። መስኮት ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ ነው የሚሰማው። ሰውዬው እንደገና ከፍተው ክፍተቱን ለኩት፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ልክ አልወጣም፣ አሻራውም አልተንቀሳቀሰም። ሲጨምር ከሰማሁ እንዳመጣው ነግረውኛል፤ እስካሁን አልጨመረም። ከፋብሪካ ጥርስ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ፍጹም ጸጥታ እንዳይጠብቅ ይህን ማወቅ አለበት።

ያገለገለ ጥርስ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከሌላ መኪና የወጣ ከሆነ ዲፈረንሻሉን እንዳለ፣ ያልተከፈተውን፣ ግዙ። የተፈታ ኮሮናና ፒኞን ጥንድ ቢሆን እንኳ በድሮ ቤቱ ውስጥ ተላምዷል፤ ሌላ ቤት ሲገባ ዝም ማሰኘት ከባድ ነው።

ሻጩ አሁን የዕቃ ዝርዝሩን አስተካክሏል። «ቶዮታ 8 ኢንች» ይል የነበረው ከፍ ያለ ፒኞንና ዝቅ ያለ ፒኞን ተብሎ በሁለት ተለይቷል፤ ከጎኑም የጥርሱ ጥምዝ የሚታይበት ፎቶ አለ። ኪቱ ግን ያው ነው፣ ኩሽኔታውም ያው ስም የሌለው። ጥርሱን ያለ ኪት ማዘዝ ይቻላል። እንደዚያ እዘዙት፤ ኩሽኔታውን፣ ሺሙንና ድፍኑን ቀለበት ከሌላ ቦታ ለብቻ ግዙ።